ታሆ ሐይቅ በበረዶ ወራት፦ ስንጫወት ሐይቁን እንዳንጎዳ ምን እናድርግ?

መንገደኛዋ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በፌብሩዋሪ አጋማሽ፣ በፕሬዚዳንቶች ቀን ረጅም ቅዳሜና እሑድ፣ ከሳክራሜንቶ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ድንበር ላይ ወዳለው ታሆ ሐይቅ ለመውጣት አስበናል። አራት አዋቂና ሦስት ልጆች ነን፤ ልጆቹ 6፣ 9 እና 12 ዓመታቸው ነው። ሁለት መኪና አለን፦ አንዱ በፊት ጎማ የሚነዳ ሴዳን፣ ሌላው ኦል ዊል ድራይቭ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ። ስኪ የሚችል ከመካከላችን የለም። ልጆቹ በስሌድ (በበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ) እንዲንሸራተቱ፣ እኛም ስኖሹ (በረዶ ውስጥ እንዳይሰጥሙ ጫማ ሥር የሚታሰር ሰፊ መርገጫ) ተከራይተን ጫካው ውስጥ እንድንራመድ ነው ሐሳቡ። በደቡቡ ዳርቻ ለሁለት ሌሊት ቤት እንከራያለን።

የት ብንሄድ ይሻላል? ምን እንያዝ? ደግሞም ሐይቁ ጥራቱን እያጣ ነው ሲባል እሰማለሁ። በሁለት ቀን ጨዋታ እኛ የምንጨምርበት ጉዳት ምንድን ነው? «ቆሻሻ አትጣሉ» ከሚለው ያለፈ፣ ሥራ ላይ የሚውል ምክር ስጡኝ።

ጥድ ሥር
እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ፤ የሌሎቹን መልስ የሚወስነው እሱ ነው።

የታሆ ጥራት የሚለካው ሴኪ ዲስክ የሚባል ነጭ ሳህን ወደ ውሃው እየወረደ ከዓይን እስኪሰወር ባለው ጥልቀት ነው። የዩሲ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መለካት በጀመሩበት በፈረንጆቹ 1968 የዓመቱ አማካይ 31 ሜትር ገደማ ነበር። በ2017 ወደ 18 ሜትር ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ከፍ ዝቅ ቢልም ወደ ጥንቱ አልተመለሰም። ዋናው ምክንያት ከ16 ማይክሮን ያነሰ ደቃቅ ደለል ነው። እጅግ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ብርሃኑን ይበትናል። ለሐይቁ በወጣው የብክለት ቅነሳ ዕቅድ ስሌት መሠረት 72 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከጫካው አይደለም። ሰው ከገነባበት መሬት ነው፦ ከመንገድ፣ ከፓርኪንግ፣ ከጣሪያና ከግቢ።

አሁን የበረዶ ወራቱን አስቢው። መኪና እንዳያንሸራትት መንገድ ላይ አሸዋ ይበተናል። ጎማና ሰንሰለት ያንን አሸዋ እየፈጨ ዱቄት ያደርገዋል። ፀሐይ ስትወጣ የቀለጠው በረዶ ዱቄቱን ጠርጎ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ጅረት ያወርደዋል። ወደ ታሆ 63 ጅረቶች ይገባሉ፤ የሚወጣው ግን አንድ ብቻ ነው፣ የትራኪ ወንዝ። ጥልቀቱ 501 ሜትር ስለሆነ፣ አንዲት የውሃ ጠብታ ሐይቁ ውስጥ የምትቆይበት አማካይ ጊዜ ወደ 650 ዓመት ይገመታል። የገባበት ነገር በቀላሉ አይወጣለትም።

ስለዚህ ከዕቅድሽ ውስጥ ትልቁ ጉዳይ ሁለቱ መኪኖች ናቸው፤ ስሌዱ ከእነሱ በኋላ ይመጣል። ሰባት ሰው ናችሁ። የበረዶ ጎማ ያለው አንድ ባለሰባት መቀመጫ መኪና ብታገኙ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ ማለት ነው። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላም መኪናውን ቤቱ በር ላይ ተዉት፤ ስለ አውቶቡሱ ሌሎች ይነግሩሻል። ቀኑንም ብትቀይሩት እመርጣለሁ። በዚያ ረጅም ቅዳሜና እሑድ ሀይዌይ 50 በመኪና ይታነቃል፤ ሞተር አስነስቶ ቆሞ መዋል ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ከተፈቀደላቸው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ጊዜ ለእናንተም ለመንገዱም ይሻላል።

ሰንሰለት አሳሪው
ሴዳኑን የምትወስዱ ከሆነ ይህን ሳታነቡ እንዳትነሱ።

የካሊፎርኒያ የሰንሰለት ግዴታ ሦስት ደረጃ አለው። አር 1 ሲባል ሰንሰለት ወይም የበረዶ ጎማ ያስፈልጋል። አር 2 ሲባል አራቱም ጎማዎቹ የበረዶ ጎማ ከሆኑ ባለአራት ጎማ ኃይል መኪኖች በስተቀር ሁሉም ያስራል። አር 3 ሲሆን ያለ ምንም ልዩነት ሁሉም ያስራል፤ እዚያ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ መንገዱ ራሱ ይዘጋል። ግዴታው ባለበት ክልል ፍጥነቱ በሰዓት 25 ወይም 30 ማይል ነው፤ ምልክቱ ላይ ተጽፏል። ከመነሳታችሁ በፊት የካሊፎርኒያ መንገድ መሥሪያ ቤት የካልትራንስን የመንገድ ካርታ፣ ኩዊክማፕን፣ ተመልከቱ። በኔቫዳ በኩል የመንገድ መረጃው 511 ነው።

አመራረጥ፦ የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ቅዱ፤ ለምሳሌ 205/55አር16። ሰንሰለቱ ካርቶን ላይ ያ ቁጥር መኖር አለበት። ሴዳን ላይ በጎማውና በውስጠኛው አካል መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አንብቡ። አንዳንዱ ወፍራም ሰንሰለት ይከለክልና ቀጭን የኬብል ዓይነት ብቻ ይፈቅዳል። የኪራይ መኪና ከሆነ ውሉን አንብቡ፤ ሰንሰለት ማሰርን የሚከለክሉ አሉ።

አስተሳሰር፦ ቤት ደረቅ መሬት ላይ ሁለት ጊዜ ተለማመዱ። መንገድ ላይ ለማሰሪያ በተከለለው ሜዳማ ቦታ ብቻ ቁሙ፤ ኩርባ ወይም ቁልቁለት ላይ በፍጹም። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። የሚታሰረው በሚነዳው ጎማ ነው፣ የእናንተ የፊተኛው። ሰንሰለቱን አፍታታችሁ በጎማው ላይ ጣሉት፤ የመንጠቆዎቹ ስል ጫፍ ወደ ውጭ ይሁን፣ ወደ ጎማው ከዞረ ጎማውን ይበሳል። መጀመሪያ የውስጡን መንጠቆ፣ ቀጥሎ የውጭውን ቆልፉ። ከዚያ ትንሽ ወደፊት ነድታችሁ የቀረውን ሳቡ። ከ100 ሜትር ገደማ በኋላ እንደገና ቁሙና አጥብቁ። ይህን ሁለተኛ ማጥበቅ ነው ሰው የሚዘለው። የላላ ሰንሰለት እየተወናጨፈ መከላከያውን ይደበድባል፣ የፍሬን ቱቦ ይቆርጣል። ውሃ የማያስገባ ጓንት፣ የራስ ላይ መብራት፣ የሚንበረከኩበት አሮጌ ምንጣፍ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ያዙ።

ጥድ ሥር ካለው ጋር የሚገናኘው ነጥብ ደግሞ ይኸው፦ የግዴታው ክልል እንዳለቀ የሚናገረውን ምልክት እንዳያችሁ ፍቱት። በባዶ አስፋልት ላይ ሰንሰለት ይበጠሳል፤ አስፋልቱንም አሸዋውንም ይፈጨዋል። ባለምስማር ጎማም እንደዚያው ነው። ሕጉ በወቅቱ ቢፈቅደውም፣ ለሁለት ቀን ለሚወጣ ሰው ምስማር የሌለው ጥሩ የበረዶ ጎማ ይበቃል፣ መንገዱንም አይቦረቡርም።

ቤይ ኤሪያ
ኦል ዊል ላለው ሰው ግን ሰንሰለት መያዝ ትርፍ ጭነት ነው። አውቶማቲክ ሲስተሙ ራሱ ያስተካክለዋል።

ሰንሰለት አሳሪው
ወንድሜ፣ ይህን ሰምቶ የሚሄድ ሰው ስለሚኖር በግልጽ ልናገር። ባለአራት ጎማ ኃይል መኪናም በግዴታው ክልል ውስጥ ሰንሰለት የመያዝ ግዴታ አለበት፤ ከማሰር ብቻ ነው ነፃ የሚሆነው፣ እሱም ጎማው የበረዶ ጎማ ከሆነ ነው። ጎማው ጎን ላይ ኤም ፕላስ ኤስ (M+S) ወይም በተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ምልክት መኖር አለበት። ጥርሱ ካለቀ አይቆጠርም።

ከሕጉም በላይ ጉዳዩ የፊዚክስ ነው። አራት ጎማ መንዳቱ ለመነሳትና ለመውጣት ይረዳል። ለመቆም አይረዳም፤ ፍሬን ሁሉም መኪና ላይ በአራቱም ጎማ ነውና። በቀላሉ የወጣ ሰው የመንገዱን ልስላሴ አያውቀውም፤ የሚያውቀው ከኤኮ ሰሚት የተራራ መተላለፊያ ወደ ሜየርስ ሲወርድ ነው። ወደ ታች ማርሽ ቀንሱ፣ ከፊት ካለው መኪና በጣም ራቁ።

የስሌድ ጉዳይ
ለልጆቹ በደቡብ በኩል ቴይለር ክሪክ ስኖ ፓርክ (ለበረዶ ጨዋታ የተመደበ ማቆሚያና ሜዳ) ይመቻል። ሀይዌይ 89 ላይ፣ ካምፕ ሪቻርድሰንን አለፍ እንዳሉ ነው። መሬቱ ረጋ ያለ ስለሆነ ለ6 ዓመቱም ልጅ አያስፈራም፤ ስኖሹውንም ከዚያው ትጀምራላችሁ። ስኖሞቢል (በበረዶ ላይ የሚነዳ ባለሞተር ተሽከርካሪ) ስለማይፈቀድበት ጸጥ ያለ ነው። ከኖቬምበር 1 እስከ ሜይ 30 ድረስ የስኖ ፓርክ ፈቃድ መኪናው ላይ መታየት አለበት። ፈቃዱን ቤት ሳላችሁ ግዙት፤ ቦታው ደርሶ እገዛለሁ ማለት ዋጋ ያስከፍላል። በመንገድ ዳር ባገኛችሁት ዳገት ላይ አቁማችሁ ልጅ አትልቀቁ። የስሌዱ መጨረሻ አስፋልት ነው፤ የቆመው መኪናም በረዶ ጠራጊውን ያግዳል።

ስሌድ ስትገዙ ገልብጡና ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ያለውን ቁጥር እዩ። 5 ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ተራው ዓይነት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይሰባበራል። 2 ከሆነ ሃይ ደንሲቲ ፖሊኢቲሊን ነው፤ በታሆ ብርድ አይሰበርም፣ ለዓመታት ያገለግላል። ቁጥር የሌለው ስስ ሳህን ከሆነ ጠርዙን በጣት ጠምዝዙት፤ ነጭ መስመር ካወጣ ተዉት። ከዳገቱ ሥር በረዶ ሲቀልጥ የሚለቀመው ቀይና ሰማያዊ ስብርባሪ በሙሉ ከእንዲህ ያለው ርካሽ ዕቃ ነው። የሐይቁን ጉዳይ የያዘው ከ1957 ጀምሮ ያለው ሊግ ቱ ሴቭ ሌክ ታሆም በበጎ ፈቃደኞች የሚያስለቅመው ይህንኑ ነው።

ቦታ ስትመርጡ ከላይ ሳይሆን ከታች ጀምሩ። ስሌዱ ብቻውን እስኪቆም የሚሄድበት ሜዳ ሊኖር ይገባል፤ ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ጅረት፣ መንገድ የሌለበት። የበረዶው ጥልቀት በዱላ ሲለካ 30 ሴንቲሜትር ካልሞላ አትጫወቱበት፤ ቁጥቋጦውንና ችግኙን ትልጡታላችሁ፣ አፈሩም ይገለጣል። የሚወጡት በጎን፣ የሚወርዱት በመሃል። እግር ወደ ፊት፣ ተቀምጠው፣ የብስክሌት ወይም የስኪ ሄልሜት አድርገው። በሆድ ተኝቶ በጭንቅላት መውረድ ይቅር። የተነፋ ጎማም አይመራም፤ ለእሱ የተዘጋጀ ሜዳ ካልሆነ በስተቀር አታምጡት።

ስሌድ ከተሰበረ ያኔውኑ ልቀሙት። ማታ 20 ሴንቲሜትር ከጣለ እስከ ጸደይ አታገኙትም።

ሰሜን ዳር
ከጥድ ሥር ጋር ትንሽ አልስማማም። ሰው የሚያየውና የሚገባው ፕላስቲኩ ነው። ልጆች ያሉበትን ቤተሰብ ስለ ማይክሮን ብናኝ ብታስተምረው ይጠፋበታል፤ «ስሌድህን ይዘህ ተመለስ» ብትለው ግን ያደርገዋል። ፕላስቲኩም እኮ እየደቀቀ ውሃው ውስጥ ይገባል።

ጥድ ሥር
ፕላስቲኩ ቀላል ነው አላልኩም፤ ሐይቁ ውስጥ ማይክሮፕላስቲክ መገኘቱም የታወቀ ነው። ግን እህታችን የጠየቀችው የሚሠራ ምክር ነው። ስሌዱን ይዞ የተመለሰ ሰው ሥራውን የጨረሰ ከመሰለው፣ በቀን አራት ጊዜ በመኪና ወጥቶ ሲገባ ምንም አይሰማውም። የ12 ዓመት ልጅም ይገባዋል፦ ከመንገዱ ዳር የተቆለለውን ግራጫ በረዶ በጠርሙስ አቅልጡ፣ ከጫካው ውስጥ የተዘገነውንም በሌላ ጠርሙስ፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ለአንድ ሌሊት አስቀምጧቸው። የመንገዱ ውሃ ጠዋትም እንደደፈረሰ ነው። ከሥሩ የሰፈረው አሸዋ ነው፤ ተንጠልጥሎ የቀረው ሐይቁን የሚያደበዝዘው።

ሰሜን ዳር
ይህን ወድጄዋለሁ። ለልጆች ከንግግር ይሻላል።

የበረዶ ዱካ
ስለ ስኖሹ። በኪራይ ስትወስዱ የሚለካው ቁመታችሁ አይደለም፤ ከነልብሳችሁና ከነሻንጣችሁ ያላችሁ ክብደት ነው። ዱላ አብራችሁ ተከራዩ፤ ከታች ክብ ሰፊ ቅርጫት ያለው ይሁን፣ ያለዚያ እስከ እጀታው ይሰጥማል። ጥጥ ልብስ ይቅር፤ ላብ ይዞ ያበርዳል።

የአገር አቋራጭ ስኪ ሁለት ትይዩ መስመሮች ካያችሁ አትርገጧቸው፤ ከጎን ሌላ ዱካ አውጡ። ያለ ስኖሹ በቡት ብቻ መግባት ደግሞ ለኋላ መጪው ጥልቅ ጉድጓድ ይተውለታል፤ ማታ ሲረጋ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል።

ከቁጥቋጦ መሃል ይልቅ በተረገጠው መስመር መሄድ የሚመከርበት ሌላም ምክንያት አለ። በረዶው በበቂ ሲወፍር በአፈሩና በበረዶው መካከል ቀጭን ክፍት ቦታ ይፈጠራል። ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይጸናል፤ ትንንሽ የዱር አይጦችና ሽሩ የሚባሉ አይጥ መሳይ እንስሳት የሚከርሙት እዚያ ነው። ሰው ወይም ማሽን ሲረግጠው ቦታው ይደፈናል፣ የበረዶው ሙቀት የመያዝ ኃይልም ይቀንሳል። አንድ ዱካ ላይ ተከታትሎ መሄድ ጉዳቱን በአንድ መስመር ያስቀረዋል። ሰባት ሰው ሰባት መስመር ካወጣ ሰባት እጥፍ ነው።

ስለ ሐይቅ ላይ መሄድም ልንገራችሁ። ታሆ ራሱ አይረጋም፤ ውሃው ጥልቅ ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ ይከርማል። ትንንሾቹ ግን፣ እንደ ኤኮና ስፑነር ያሉት፣ ከላይ ይረጋሉ፣ ሰውም ይፈተናል። ለአንድ ሰው ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ያስፈልጋል፤ ነጣ ያለው ግማሽ ጥንካሬ ስላለው እጥፍ ውፍረት ይፈልጋል። ከላይ የተከመረ በረዶ እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍነው የሥሩን ውፍረት ያሳሳዋል። ጅረት የሚገባበትና የሚወጣበት አካባቢ በማንኛውም ጊዜ ስስ ነው። በልጆች ስም ስለምናገር፦ ተዉት፣ በዳሩ ዙሩ።

ሩህሩህ
ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳ፦ መጸዳጃ። ሰው በበረዶ ውስጥ ቀብሮ ይሄዳል። በበረዶ መቅበር አይባልም፤ ሲቀልጥ ከነወረቀቱ ከላይ ይቀራል ወይም ወደ ጅረት ይወርዳል። የታሆ ተፋሰስ የቤቶቹን ፍሳሽ እንኳ ሐይቁ አጠገብ አያስቀርም፤ በቧንቧ ከተፋሰሱ ውጭ ይላካል። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶበት እኛ ጅረት ዳር መጸዳዳት የለብንም።

ዋግ ባግ የሚባል አለ። ውስጡ ፈሳሹን ጄል የሚያደርግ ዱቄት አለው፤ የውስጡን ከረጢት አስራችሁ በውጭው ዚፕ ከረጢት ትከታላችሁ፣ ከዚያ ወደ ተራ ቆሻሻ መጣያ። ለሰባት ሰው አራት ያህል ያዙ፤ ብዙ የደን መጸዳጃዎች በበረዶ ወራት ይቆለፋሉ። ለሽንት ከጅረትና ከሐይቅ ቢያንስ 60 ሜትር፣ ከመሄጃው መስመርም ፈቀቅ በሉ። ውሻ የሚወስድ ካለ የውሻውም ሰገራ ይነሳል፤ በጫካው ይበሰብሳል የሚባለው በብርድ አይሆንም። ከረጢቱን አስሮ ዛፍ ሥር ትቶ «ስመለስ አነሳዋለሁ» ማለትም ይቅር፤ በረዶ ይሸፍነዋል።

መንገደኛዋ
እናመሰግናለን፣ ይህን ሁሉ አልጠበቅሁም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። የበረዶ ናዳ እኛን የመሰለ ሰው ያሰጋዋል ወይ? የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ስኖሞቢል ልከራይ ይላል። ምን ልበለው?

ዳገት ቆጣሪ
ናዳው ስኪ አይመርጥም። በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ካለው ዳገት ነው። እናንተ ሜዳ ላይ ብትሆኑም ከላያችሁ እንዲህ ያለ ዳገት ካለ የሚያርፍበት ስፍራ ላይ ናችሁ። ሀይዌይ 89 ኤመራልድ ቤይ ላይ በየጊዜው የሚዘጋው ለዚህ ነው። በ1982 ማርች 31 ቀን በአልፓይን ሜዶስ የወረደው ናዳ ሰባት ሰው ሲገድል ሰዎቹ የነበሩት በዳገቱ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ነው።

የሲየራ አቫላንሽ ሴንተርን ትንበያ በየጠዋቱ አንብቡ። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። 3 ማለት «መካከለኛ» ይመስላል፤ ሰው ግን ብዙ የሚሞትበት ደረጃ ነው፣ ምክንያቱም ደፍሮ ይወጣል። ቢከን (የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም የሬዲዮ መሣሪያ)፣ መፈተሻ ዘንግና አካፋ የሌለው፣ አጠቃቀሙንም ያልተማረ ሰው ዳገታማ ቦታ አይግባ። እናንተ ከልጆች ጋር ስለሆናችሁ መልሱ አጭር ነው፦ ዳገት በላዩ የሌለበት ሜዳ። ቴይለር ክሪክ አካባቢ ያለው ጫካ ይህን ያሟላል። ብዙ በረዶ ከጣለ በኋላ ደግሞ ከትልልቅ ጥዶች ግንድ ራቁ፤ በቅርንጫፉ ሥር ያለው በረዶ ልቅ ነው፣ ሰው በራሱ ተዘቅዝቆ ሊገባበት ይችላል። ትንሹን ልጅ ከፊታችሁ እንጂ ከኋላ አታስከትሉት።

ሰምና ሞተር
ስለ ስኖሞቢሉ፦ ከለከልኩህ አትበይው፣ ጥያቄ ጠይቂው። ሞተሩ ባለአራት ምት ነው ወይስ አሮጌ ባለሁለት ምት ከካርቡረተር ጋር? አሮጌው ዓይነት እስከ ሩብ የሚደርስ ነዳጅ ሳያቃጥል በጭስ ማውጫው ይተፋል፤ ያ ነዳጅና ዘይት በረዶው ላይ አርፎ ሲቀልጥ ወደ ውሃ ይሄዳል። ታሆ ላይ ካርቡረተር ያለው ባለሁለት ምት ሞተር ጀልባ ከ1999 ጀምሮ የተከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ ባለአራት ምት ከሆነ፣ በተፈቀደለት መስመር ከሄደ፣ ነዳጅም ከውሃ ርቆ በመቅጃ አፍ ከሞላ ጉዳቱ እጅግ ይቀንሳል። ወደ ዴሶሌሽን፣ ማውንት ሮዝና ግራኒት ቺፍ የተከለሉ ዱሮች ግን ሞተር በፍጹም አይገባም። ድንበሩ በረዶ ውስጥ አጥር የለውም፤ ካርታውን ስልኩ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጎ ያውርድ። ዴሶሌሽን በእግር ለመግባትም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ ፈቃድ ይፈልጋል።

ስኪ የሚሄድ ሌላ አንባቢ ካለ፦ ስኪው እንዲንሸራተት ከሥሩ የሚቀባው ሰማችሁ ፍሎሪን ካለበት አትጠቀሙበት። የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ከ2023–24 ወቅት ጀምሮ በውድድሮቹ ላይ ሙሉ በሙሉ ከልክሎታል፤ ኬሚካሉ በተፈጥሮ የሚበሰብስ አይደለም። ያለ ፍሎሪን ያለው ለመዝናኛ ከበቂ በላይ ነው። ሰም ስትፍቁ ከሥር ሸራ ዘርጉ፣ ፍቅፋቂውን ሰብስባችሁ ጣሉ፤ በበረንዳ አትጥረጉት።

ግቢ ጠራጊ
የተከራያችሁት ቤትስ? ሰው ሐይቁን የሚጎዳው ጋራዥ በር ላይም ነው።

በረዶው ሳይረገጥ ጥረጉ። መኪና ከረገጠው ይረጋል፣ ከረጋ በኋላ ነው ጨው የሚፈለገው። የጠረጋችሁትን ወደ መንገዱ፣ ወደ ቦዩ ወይም ወደ ጅረቱ አትግፉ፤ ሣርና ቁጥቋጦ ወዳለበት ሜዳ ከምሩት፣ ሲቀልጥ አፈሩ ያጣራዋል። ጨው ካስፈለገ ጥቂት ነው፦ 6 ሜትር ለሚያህል የመኪና መግቢያ አንድ ትልቅ የቡና ኩባያ ይበቃል። ተራ ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሥራውን ያቆማል፤ ያኔ መጨመር ጨውን ወደ ሐይቅ መላክ ብቻ ነው። በመንገድ ዳር ቅጠላቸው የተቃጠለ የሚመስሉ ጥዶች አሉ፤ አንዱ ምክንያት ጨው ነው። አሸዋ ለደረጃው ካስፈለገ ታጥቦ የተነፋ፣ ሻካራና ትልልቅ ፍሬ ያለው ይሁን፤ ስትወጡ ጠርጋችሁ ወደ ባልዲው መልሱት።

የሙቅ ውሃ ገንዳ ያለው ቤት ከሆነ ውሃውን ወደ ግቢ አትልቀቁ፣ ክሎሪን አለበት፤ ባለቤቱን ወይም አስተዳዳሪውን ጥሩ። ምድጃ ካለ የምታነዱት እንጨት የደረቀ ይሁን፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች። ብርዱ ጭሱን ሸለቆው ውስጥ ተጭኖ ይይዘዋል። እንጨት ከሳክራሜንቶ ጭናችሁ አትምጡ፤ ነቀዝ አብሮ ይመጣል። እዚያው ግዙ።

ድቡን አትርሱ። ቆሻሻ የለመደ ድብ በበረዶ ወራትም አይተኛም። መኪና ውስጥ ምግብ፣ ማስቲካ፣ የልጅ መቀመጫ ላይ የተረሳ ብስኩት፣ ሽታ ያለው ክሬም አይደር። በሩን ቆልፉ፤ ድብ እጀታ መክፈት ያውቃል። ቆሻሻ የሚወጣው ድብ በማይከፍተው የብረት ሳጥን ነው፣ መቆለፊያው ድምፅ ሲሰጥ እስክትሰሙ ግፉት።

ሰሜን ዳር
አውቶቡሱን ልጨምር። በደቡብ ዳር ሌክ ሊንክ የሚባል በመተግበሪያ የሚጠራ ነፃ መጓጓዣ አለ። በሰሜንና በትራኪ በኩል ታርት ነው፣ እሱም ነፃ፤ በስልክ የሚጠራው ደግሞ ታርት ኮኔክት ይባላል። የሚሄድበትን ክልል ካርታ ቀድማችሁ እዩ፣ ሁሉም መንገድ አይሸፈንም። ስሌድ ይዛችሁ ለመሳፈር ሾፌሩን ጠይቁ፤ የሚተጣጠፍ ወይም ትንሽ ቢሆን ይቀላል።

መኪና ጨርሶ ላለመያዝ ለሚፈልግ የአምትራክ ካሊፎርኒያ ዜፊር ሳክራሜንቶ ላይ ያነሳና ትራኪ ያወርዳል። በየአቅጣጫው በቀን አንድ ነው፤ ሲመለስ ከቺካጎ ስለሚመጣ ሊዘገይ ይችላል፣ በዚያ ቀን ማታ ሌላ ቀጠሮ አትያዙ። ለእናንተ በደቡብ ስለምትውሉ አይገጥምም፤ በሰሜን ዳር ብታርፉ ግን ሰባት ሰው ያለ መኪና ይሆናል።

መንገደኛዋ
እንግዲህ ዕቅዱን ለወጥነው። ቀኑ ከሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ጀምሮ ነው፤ አንድ ባለሰባት መቀመጫ ከነበረዶ ጎማው ተከራየን፣ ሰንሰለት ማሰር እንደሚፈቅድ ውሉ ላይ አየሁ። ቁጥር 2 ያለበት ስሌድ ሦስት አገኘሁ። የስኖሞቢሉ ሰው ቀረ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ፦ ቴይለር ክሪክ ከቤታችን ሩቅ ባይሆንም ነፃው መጓጓዣ እዚያ ካልደረሰ መኪናውን ልንይዝ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን እንዴት እናድርግ?

የበረዶ ዱካ
ጠዋት ከ9 ሰዓት በፊት፣ በፈረንጁ ማለቴ ነው፣ ድረሱ፤ በረዶው ገና ጥብቅ ስለሆነ ስኖሹው ያኔ ይቀላል። ቀድማችሁ ተራመዱ። እኩለ ቀን ላይ ፓርኪንጉ አጠገብ ምሳ ብሉ፤ ፀሐይ በረዶውን ሲያላላው ስሌዱ ለልጆች ፍጥነቱ ይቀንስላቸዋል፣ ያኔ አውጡት። ለዚህ ምሳው ከቤት መውጣት አለበት፦ ትኩስ ነገር በፔርሙዝ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ትርፍ ጓንትና ካልሲ በተዘጋ ከረጢት። ቤተሰብ ወደ ቤት የሚመላለሰው በአብዛኛው በረጠበ ጓንት ምክንያት ነው። መኪናውን አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙራችሁ አቁሙት፣ የመስታወት መጥረጊያዎቹን ወደ ላይ አንሷቸው፣ ሞተሩን አጥፉ።

ሰንሰለት አሳሪው
ሰንሰለቱን ደግሞ ከሻንጣዎቹ ሥር እንዳታስቀምጡት፤ ከሁሉም በላይ ይሁን። ስትመለሱም በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት፣ በመንገዱ ጨው በአንድ ወቅት ይዝጋል። ስታጥቡት ሣር ላይ ይሁን፣ ቦይ ወዳለበት አስፋልት አታፍስሱት።